አሥረኛዋ ጥያቄ

አንድ ቀን ጋሽ ላቀው ክራንቻቸውን ከወንበሩ ጋር አስደግፈው ከአቶ መንበሩ ጋር ተፋጠጡ። ጋሽ ላቀውን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። በልጅነታቸው ፖሊዮ አንድ እግራቸውን ያሰነፈባቸው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ «የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ፖሊሲ አማካሪ» የሚባሉ ሰው ናቸው። ማዕረጉ ስለረዘመበት ሠፈሩ «አማካሪው» ብሎ አሳጥሮታል። ማማከር ምንድን ነው ሲባሉ፣ «የማይሰማ ሰው ፊት እስኪሰማ ድረስ መቀመጥ ነው» ይላሉ።

የዚያን ቀን የማይሰማው አቶ መንበሩ ነበር። የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ኃላፊ ነው። ከሁለት ሳምንት ሥልጠና ሲመለስ አንድ ቅጽ ይዞ መጥቷል፤ አሥር ጥያቄ፣ በየጥያቄው ፊት ሁለት ሳጥን፣ አንዱ «በራሱ»፣ ሌላው «በሰው» የሚል። ይታጠባል? ይለብሳል? ይበላል? እያለ ወርዶ ወርዶ አሥረኛው ላይ «ይጽፋል?» ብሎ ያበቃል። ይህን ቅጽ ተንተርሶም መመሪያ አርቅቋል። አሥሩንም «በሰው» ያልሞላ ሁሉ፣ ቤቱ እየሄዱ የሚያግዙት ረዳት በስድስት ወር ውስጥ ይነሡበት ይላል።

«እርዳታ ሰውን ያሰንፋል» አለ አቶ መንበሩ። «ራስን መቻል ነው ጋሽ ላቀው! ራስን መቻል!»

«ጉደታስ?» አሉ ጋሽ ላቀው።

ጉደታ ግንበኛ ነበር። ሕንፃ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ፣ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም። ወይዘሮ ትርፌ የሚባሉ ረዳት ጠዋት ጠዋት እየመጡ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያጎርሱታል። እሳቸው ከቀሩ ለጉደታ የሚቀረው ተኝቶ ጣሪያ ማየት ነው። መመሪያው ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል።

«የጉደታ ቅጽ እዚሁ አለ» ብሎ አቶ መንበሩ እጁን ዘረጋ። የቢሮው ጸሐፊ ሰናይት ፋይሉን ገልጣ ሰጠችው። «ይኸው፣ ዘጠኝ ነው ያገኘው። መጻፍ ይችላል! እስክሪብቶ በአፉ ይዞ እኔኑ የሚከስ አንድ ሙሉ ገጽ አቤቱታ ጽፏል። ጽሕፈቱ ደግሞ ከእኔ ያምራል። አሥር ያልሞላ ሰው ራሱን የቻለ ነው፤ አበቃ።»

«ኧረ ክቡር ኃላፊ፣ አሥር የሚሞላ ሰው በአገሩ ያለ ይመስልዎታል?»

«ካለ ያምጡልኛ! አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አሥር ሞልተው ካመጡልኝ መመሪያውን በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ። ግን በወሬ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ አብረውት ውለው፣ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ነው የሚሞሉት። ሰውየው ደግሞ እንዳያውቅ! ካወቁ ያስመስላሉ።»

«እንዳያውቅ» አሉ ጋሽ ላቀው ቀስ ብለው። «ይሁን፣ መልካም ነው። ነገ ወረዳ ለጉብኝት ሲወጡ ለእኔም መኪናዎ ላይ ቦታ ይገኝ ይሆን?»

«በደስታ!» አለ አቶ መንበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ላቀው ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አቶ መንበሩ ደጃፍ ተገኙ። ጥበቃው የግቢውን በር ከፈተ። ሾፌሩ የመኪናውን በር ከፈተ፣ ቦርሳውን ተቀበለ፣ ኮቱንም ከኋላ ይዞ እጅጌውን አንድ በአንድ አስገባለት። ጋሽ ላቀው እስክሪብቷቸውን አወጡ። መንገድ ላይ አብራ የተሳፈረችው ሰናይት ስልክ ደውላ ጆሮው ላይ ያዘችለት፤ ትንሽ ቆይታም «ሰዓቱ ደርሷል» ብላ የደም ግፊት ክኒኑን ከነውኃው አቀረበችለት። ጋሽ ላቀው በመስኮት አገር የሚያዩ መስለው ሁለት ምልክት ጨመሩ።

ምሳ ላይ የወረዳው ሰዎች ተሻሙበት። ጋሽ ላቀው በክራንቻቸው ሄደው እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ፣ አቶ መንበሩ ከተቀመጠበት ሳይነሣ አንዱ ያስታጥበዋል፣ አንዱ ፎጣ ይዞ ይጠብቃል። ክትፎው ቀርቦ እጁን ሳይሰድ የወረዳው አስተዳዳሪ አንድ ትልቅ ጉርሻ ይዞ ቆመ።

«ኧረ በሞቴ!»

ጎረሰ።

«አንድ ያጣላል!»

ደገመ። ከዚያ ምክትሉ ተነሣ፣ ከዚያ የምክትሉ ምክትል። ምን አለፋችሁ፣ የዚያን ቀን አቶ መንበሩ በገዛ እጁ ወደ አፉ የላከው ስቴኪኒ ብቻ ነው።

ሲመለሱ ዘጠኙ ጥያቄ ሞልቷል። አሥረኛዋ ግን ባዶዋን ቀረች። አቶ መንበሩ ያን ቀን ብዕር የሚያስነሣ ሥራ አልገጠመውም፤ ጋሽ ላቀው ደግሞ በዓይናቸው ያላዩትን አይሞሉም። እንዲያ ሲሆን ከጉደታ እኩል ዘጠኝ ሊሆን ነው። ጋሽ ላቀው ያን ሰንበት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ቢባል ውሸት አይደለም።

ሰኞ መመሪያውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ተሰበሰበ። መመሪያው ተተይቦ ለፊርማ ቀርቧል። ጋሽ ላቀው ተነሡ።

«ሰውየውን አግኝቼዋለሁ። ስሙን ለጊዜው ልያዘው» ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ኮቱን የሚለብሰው በሰው ነው። እጁን የሚታጠበው በሰው ነው። የሚጎርሰውም በሰው ነው፤ ሰባት ጉርሻ ቆጥሬያለሁ። በር አይከፍትም። መድኃኒቱን ካልሰጡት አይውጥም። ሰው ካልወሰደው ከደጁ አይርቅም።»

«አይ ምስኪን!» አሉ አንዲት የኮሚቴ አባል።

«ምን ምስኪን!» አለ አቶ መንበሩ ጠረጴዛውን እየመታ። «እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ዓመት።»

«ስድስት ዓመት! አያችሁ? እኔ ምን አልኩ! ያሰነፉት ረዳቶቹ ናቸው፤ ዛሬውኑ ይነሡበት! ለመሆኑ ሕመሙ ምንድን ነው?»

«እንዲህ የሚያደርግ ሕመም ሐኪም አላገኘበትም» አሉ ጋሽ ላቀው። «የጀመረው ግን በተሾመ በሳምንቱ ነው።»

የኮሚቴው ዓይን ሁሉ ወደ አቶ መንበሩ ዞረ። ከዚያ አንዱ አፉን ቢይዝም ሳቁ አመለጠው፤ ተከታትለው ሁሉም ሳቁ። አቶ መንበሩ ፊቱ በላብ ረጠበ። ቢሆንም ኃላፊ ኃላፊ ነው፣ በቀላሉ አይወድቅም። ቅጹን ከጋሽ ላቀው እጅ ነጥቆ አገላበጠና ዓይኑ በራ።

«ዘጠኝ ነው!» አለ። «ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠኝ! አሥረኛዋ ባዶ ናት። ጉደታም ዘጠኝ፣ እኔም ዘጠኝ። ውርርድዎን ተረትተዋል ጋሽ ላቀው። መመሪያው ይጸድቃል!» ብሎ ቅጹን ገፋ አደረገና ለመፈረም እጁን ዘረጋ።

ሰናይት እንደ ልማዷ እስክሪብቶውን አነሣች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ጣቶቹ መሃል አስገባችለት፤ የሚፈርምበትንም ቦታ በጣቷ አሳየችው።

ጋሽ ላቀው ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡና አሥረኛዋ ላይ ምልክት አደረጉ።

«አሥር» አሉ። «ጉደታ እንኳ ክዳኑን የሚከፍተው ራሱ ነው፤ በጥርሱ።»

ወይዘሮ ትርፌ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ጉደታ ቤት ይገባሉ። አቶ መንበሩም ቃሉን ጠብቋል፤ መመሪያውን በገዛ እጁ ሰርዞታል፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተትበት ሰናይት ይዛለት።