ቀይ አልለቅም ያለው የትርንጎ ዋይፋይ

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን «የመሠረት» ብሎ የሚመልስልኝ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ስለዚህ ማንንም ሳልጠብቅ እቀጥላለሁ።

ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ትርንጎ ጆሮዋ አይሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ተስማምተን እንኖራለን። ጉዳይ ሲኖራት እሷ በእጇ ትነግረኛለች፣ እኔ ለሰው በአፌ አደርስላታለሁ። ከራሴም ትንሽ ጨመር አደርግበታለሁ።

ልጇ ፍኖተም እንደ እናቷ አትሰማም። ሩቅ ሚዛን ከተማ አግብታ፣ እዚያው መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች። አሁን ሴት ልጅ ወልዳ እሑድ ክርስትና ልታስነሣ ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ይሰጧታል፤ የእጅ ስሟን ግን ከዚያ በፊት መስጠት ያለባት አያቷ ናት። በእጅ የሚያወሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የእጅ ስም አላቸው፤ ስሙም የሚወጣው ከሰውየው አኳኋን ነው፤ ከአሳሳቁ፣ ከአካሄዱ፣ ከአስተያየቱ። ከፎቶ አይወጣም። ስለዚህ ትርንጎ ልጅቷን ስትንቀሳቀስ ማየት አለባት። በሞባይሏ ስትሞክር ግን፣ ጦሳ እየጋረደው ነው መሰለኝ፣ ምስሉ ቀጥ ይላል። የፍኖተ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሕፃኗም እንደ ፎቶ ትደርቃለች። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆንባት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

የትርንጎ ምኞት እንግዲህ ይቺው ናት፤ የልጅ ልጇን ስትንቀሳቀስ አይቶ ስም ማውጣት። ለዚህ ስትል የቤት ኢንተርኔት አስገባች። ኩባንያው ቀንድ ያበቀለ ነጭ ሳጥን ሰጣት። እሷም ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጠችው፣ ዳንቴል አለበሰችው፣ ሶኬት ላይ ሰካችው። ቀይ መብራት በራ። አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቀች፤ አልሆነም። የስፌት መኪናዋን አዙራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ትጠብቀው ጀመር። ሳጥኑ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ይርሳው የሚባል የኩባንያው ሠራተኛ መጣ። ዳንቴሉን ገለጥ አደረገና ሣቀ።

«እትዬ፣ ሙሽራ ናት እንዴ የሸፈኗት? ይሄ ሽቦ ሳይገባለት አረንጓዴ አይሆንም። ዋይፋይ ከሰማይ አይወርድም፤ ከምሰሶው መሳብ አለበት።»

«ታዲያ አትስበውም?» አልኩት።

«በምን ልውጣ? የኛን መሰላል መኪናው ይዞት ሐይቅ ከተማ ሄዷል። እስከ ማታ መሰላል ካገኛችሁ እዚሁ ሰፈር ነኝ። ነገ ግን እሑድ ነው፣ ሥራ የለም።»

ይኸውላችሁ። ሳጥኑ ያለ ሽቦ አልበራም አለ፣ ሽቦው ያለ ይርሳው አልመጣም አለ፣ ይርሳው ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ ሕፃኗም ያለ እጅ ስም ሚዛን ተኝታለች።

በሰፈራችን ረጅም መሰላል ያለው እድሩ ብቻ ነው፤ የለቅሶ ድንኳን የሚወጠርበት። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እትዬ የሺመቤት ዘንድ ነው። ትርንጎንና እኔን በር ላይ ስታየን ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። መሰላሉን ፈልገን ነው፣ ለዋይፋይ።»

«ሰው ሳይሞት?» አለች ቅር ብሏት። «የእድር ዕቃ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ለዋይፋይ ይውጣ የሚል ደንብ አላውቅም። ዳኛው ጋሽ መንበሩ ካዘዙኝ እከፍታለሁ፤ ካለዚያ ሰው ይሙትና ኑ።»

ሳጥኑ ያለ ሽቦ አልበራም አለ፣ ሽቦው ያለ ይርሳው አልመጣም አለ፣ ይርሳው ያለ መሰላል አልወጣም አለ፣ እትዬ የሺመቤት ያለ ትእዛዝ አልከፍትም አለች፤ ሕፃኗም ያለ እጅ ስም ሚዛን ተኝታለች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንበሩ አኩርፈው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ባለፈው ስብሰባ ጎማ ጠጋኙ ይመር በሰው ፊት «ጋሼ፣ ንግግሩን ያሳጥሩት» ብሏቸው ነበር።

«ይመር ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ስለ እድር አንድ ቃል አልተነፍስም» አሉን። ይህን ለማለት እድሩ ከተመሠረተበት ቀን ጀመሩ፣ መሥራቾቹን በየስማቸው ጠሩ፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር አሉ፣ በሕይወት ያሉትን ወቀሱ። ትርንጎ አፋቸውን ስታይ ስታይ ደከማትና ጣሪያውን ማየት ጀመረች። መጨረሻው ግን ያው ነው፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።

ሳጥኑ ያለ ሽቦ አልበራም አለ፣ ሽቦው ያለ ይርሳው አልመጣም አለ፣ ይርሳው ያለ መሰላል አልወጣም አለ፣ እትዬ የሺመቤት ያለ ትእዛዝ አልከፍትም አለች፣ ጋሽ መንበሩ ያለ ይቅርታ አላዝም አሉ፤ ሕፃኗም ያለ እጅ ስም ሚዛን ተኝታለች።

ወደ ይመር ሮጥን። ጎማ እየነፋ አገኘነው።

«እኔማ ከተናገርኩበት ሰዓት ጀምሮ ቆጭቶኛል» አለ። «ትልቅ ሰው ናቸው። ግን ሽማግሌ ሳይላክብኝ በገዛ እግሬ ሄጄ ጉልበት ብስም ሰፈሩ ምን ይለኛል? ይቅርታ እኮ ወግ አለው። ሽማግሌ ይምጣብኝ፤ ትንሽ እምቢ እላለሁ፣ ከዚያ እሺ እላለሁ።»

«እምቢታውን ብትተወው፣ ቀኑ እየመሸ ነው» አልኩት።

«ያለ እምቢታማ ምን ሽምግልና አለ?» አለኝ።

ትንፋሽ ልሰብስብ። ሳጥኑ ያለ ሽቦ አልበራም አለ፣ ሽቦው ያለ ይርሳው አልመጣም አለ፣ ይርሳው ያለ መሰላል አልወጣም አለ፣ እትዬ የሺመቤት ያለ ትእዛዝ አልከፍትም አለች፣ ጋሽ መንበሩ ያለ ይቅርታ አላዝም አሉ፣ ይመር ያለ ሽማግሌ ይቅርታ አልልም አለ፤ ሕፃኗም ያለ እጅ ስም ሚዛን ተኝታለች።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ያላስታረቁት ሰው የለም። ጉዳዩን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«አብሽሩ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ አሁኑኑ እሄድ ነበር። ግን ለሽምግልና ያለ ኮት ይወጣል እንዴ? እንዲህ በሸሚዝ ብሄድ ይመር ቡና ሊጠጡ መጡ ብሎ ነው የሚቀበለኝ።»

«ኮትዎ የት ሄዶ ነው ሐጂ?»

ሐጂ ወደ ትርንጎ ዞሩ፣ ሁለት ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ። አስተርጓሚ አላስፈለገም። ገበሩን እንድትቀይርላቸው ክረምት ሳይገባ የሰጧት ኮት፣ ተተርትሮ፣ ቤቷ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ቀዩን መብራት ከማየት በቀር አንድ ክር አላስገባችም።

ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይሄ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ስናካልል የዋልነው የትርንጎን መርፌ ፍለጋ ነበር። ትርንጎ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከጣቶቿ መሃል ግን ስትሥቅ አየኋት። ወዲያው ወደ ቤቷ ሮጠች።

ያን ቀን የስፌት መኪናዋ እንዴት እንደጮኸ እሷ አልሰማችም፤ እኛ ሰምተናል። ትርንጎ ገበሩን ሰፋች፣ ሐጂ ኮቱን ለበሱ፣ ይመር ትንሽ እምቢ አለ፣ ከዚያ እሺ አለ። ለይቅርታው ድንጋይ ልሸከም ሲል ሐጂ «ድንጋዩ ይቅር፤ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ ስማ፤ እሱም አይቀልም» አሉት። ይመር ሰማ፣ ጋሽ መንበሩ ይቅር አሉ፣ ይቅር ብለው አዘዙ፣ እትዬ የሺመቤት ከፈተች፣ መሰላሉ ወጣ፣ ይርሳው ወጣ፣ ሽቦው ተሳበ፣ ሽቦው ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ ቀዩ ጠፋ። አረንጓዴ በራ!

ሰው ሁሉ ለማየት ቤቷን ሞላው። ያዩትም ሳጥኑን ሳይሆን የይለፍ ቃሉን ነው። ይርሳው ሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም በየስልኩ አስገባ። ትርንጎ ለልጇ ደወለች። ፍኖተ ታየች፣ ሕፃኗን ወደ ስልኩ ቀረብ አደረገች፣ ሕፃኗ አፏን ልትከፍት ስትል ምስሉ ቀጥ አለ።

ትርንጎ ቀስ ብላ ዞረች። ሐጂን አየች፣ ይመርን አየች፣ ሁላችንንም አየች። ከዚያ ሁለት መዳፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ስልካችሁን ዝጉ ማለቷ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሐጂ ዘጉ፣ ይመር ዘጋ፣ ጋሽ መንበሩ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ብለው ዘጉ፣ እትዬ የሺመቤት ዘጋች፣ ይርሳው «ለሙከራ ብዬ ነው እንጂ» እያለ ዘጋ። መጨረሻ ላይ እኔ ዘጋሁ። ምስሉም ተንቀሳቀሰ።

ሕፃኗ አዛጋች። ከዚያ ስልኩ ላይ የተደረደረውን የሰፈር ፊት አየችና፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊሆን ተሰበሰበ እንደምትል ዓይነት፣ አንዱን ቅንድቧን ብቻ ወደ ላይ አነሣች። ትርንጎ ጣቷን ቅንድቧ ላይ አሳረፈችና ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። ፍኖተ ሚዛን ሆና ያንኑ ደገመች፤ ደግማም ሣቀች፣ ሥቃም አለቀሰች። 

በማግሥቱ ቄሱ የክርስትናውን ስም አወጡላት፤ እሱን የሚያስታውስ በሰፈራችን የለም። ትርንጎ በር ላይ ቆማ ከተገኘች፣ ጎማ ተሸክሞ የሚያልፈው ይመር ይሁን ከመስጊድ የሚመለሱት ሐጂ፣ ጣታቸውን ቅንድባቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ሳብ ያደርጋሉ። ልጅቷ እንዴት ናት ማለታቸው ነው። ትርንጎም ደህና ናት ትላቸዋለች።