የስንሻው በሬና የግራዝማች ጥቅስ

አያ ስንሻውን እኔ አላየሁትም፤ አያቴም አላየውም። የአያቴ አያት ግን አብሮት ጠላ ሲጠጣ ስቆ ስቆ ሁለት ጥርሱ ወልቋል ይባላል። እኔ ፊደልን ከሩቅ ነው ሰላም የምለው፤ እንደ ሰማሁት፣ ጨው ካነሰውም ጨምሬበት ላውጋችሁ።

፩

ሰኔ ሊገባ ሲል የስንሻው በሬ ከግራዝማች ወሰኔ ክምር አንድ አፍ ጭድ ነጨ። ግራዝማች ዝንብ ማራቸው ላይ ብታርፍ እግሯን ልሰው የሚለቁ ሰው ናቸው። በሬውን ነድተው በረታቸው ዘጉበት። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር! ስንሻው ደጃቸው ቆሞ፣

«ጌታዬ፣ ዝናቡ ሳይጥል በሬዬን ይልቀቁልኝ» ቢላቸው፣

«አንተ ክርስቲያን አይደለህም? ‹እጀ ጠባብህን ለሚወስድ መጎናጸፊያህን ደግሞ ተውለት› ነው ወንጌሉ የሚለው» አሉት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ።

ስንሻው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና አማቱን እመት ደብሬን አስከትሎ ከች አለ። እመት ደብሬ ማለት አጎራረሷን አይተው የሰባት መንደር ውሾች ተስፋ ቆርጠው የተሰደዱባት ሴት ናት።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ብለው ጮኹ ግራዝማች።

«መጎናጸፊያው ነዋ ጌታዬ!»

፪

ጥቅሱን በሰው ፊት ጠቅሰዋልና ማባረሩ አሳፈራቸው። እመት ደብሬ ጎተራውን ማጋመስ ስትጀምር ግን፣ እንግዶቹ ተማረው እንዲሄዱ ደረቅ እንጀራ ብቻ አስቀረቡ። ማንም እጁን አልሰነዘረም።

«ለነፍሳችሁ አስቡ እንጂ!» አሉ ግራዝማች። «‹ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም› ተብሏል።»

ስንሻው ራሱን እየነቀነቀ፣

«እሱን ብለን አይደል ወጡን የምንጠብቀው!»

፫

ግራዝማች ሲብስባቸው ስንሻውን ደጀ ሰላም ወሰዱት፤ የኔታ ልሳነወርቅ ዘንድ። የኔታ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ የሚፈቱ የትርጓሜ መምህር ናቸው፤ የግራዝማችንም ጠጅ ይወዳሉ። ያንን የእጀ ጠባቡን ጥቅስ እሳቸው እንደ ፈቱት በሬው ይለቀቅ ወይም ይቅር ተባለ። ሕዝቡ ተሰበሰበ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«አንድም፣ የተወሰደበት ይታገሥ ሲል ነው። አንድም፣ የተወሰደበት አይክሰስ ሲል ነው» አሉ።

ስንሻው አደግድጎ ተነሣ።

«የኔታ፣ አንድሙ ሁሉ እኔው ላይ ወረደ። ለወሳጁስ ምን ይላል?»

«ስለ ወሳጁ መጽሐፉ ዝም ብሏል።»

«ዝም ያለውማ የመጽሐፉ ባለቤት ራሱ ሊያነጋግራቸው ቀጥሯቸው ነው!»

ሕዝቡ ወደ ግራዝማች ዞረ። ሰሞኑን ክፉ ሳል ይዟቸው ነበር። ነጭ ሪዛቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

«ውሰድ በሬህን! አማትህንም ይዘህ ከፊቴ ጥፋ!» አሉ።

ስንሻው መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ።

«በሬውን በፈቃድዎ ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ። አማቴን ግን… ‹የወሰደብህን መልስ ብለህ አትጠይቅ› ይላል ጌታዬ፤ እኔ መጽሐፍ አላፈርስም!»