«ቤት ለእንቦሳ» የሚከፍተው ጎተራ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከእኛ በላይ ንግድ ያውቁ በነበረበት ዘመን፣ እመት አህያ የጎረቤቶቿን የክረምት እህል በአደራ የምታስቀምጥበት አዲስ ጎተራ ከፈተች። በሩ ላይ ዓይኗ የደከመ ኤሊ አስቀመጠች። ኤሊ መልክ አትለይም። የይለፍ ቃሉን ከሰማች ትከፍታለች፣ ካልሰማች ንቅንቅ የለም።

በምረቃው ቀን ደንበኞቹ የቆዳ አቁማዳቸውን ተሸክመው፣ አዲስ ቤት ሲገባ እንደሚባለው «ቤት ለእንቦሳ!» እያሉ ገቡ። አህያም «እንቦሳ እሰሩ!» እያለች ተቀበለቻቸው።

«በሉ እንግዲህ፣ ለየራሳችሁ የይለፍ ቃል ምረጡ» አለች።

«ኧረ አታወሳስቢብን!» አለች ፍየል። «እዚህ ደርሼ ቃሉ ቢጠፋኝ ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው? አሁን ‹ቤት ለእንቦሳ› ብለን ገብተን የለ? እሱው ይሁን!»

«እሱው ይሁን!» አለ ዝንጀሮም።

ጃርት ብቻ እሾሁን አቆመ። «እንዴ! አገር ምድሩ የሚለው ነገር እንዴት ቁልፍ ይሆናል? ሌባስ አፍ የለውም?»

«ተው እንጂ አያ ጃርት፣ ደንበኞቼን አታስቀይምብኝ» አለች አህያ። ጃርት አቁማዳውን መልሶ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁሉም ሳቁበት።

ይህን ሁሉ ከማዶ ቆማ የምታይ እመት ቀበሮ ነበረች። እሷም ጎተራ ነበራት፤ አሮጌ ነው እንጂ። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ አህያ ሲሄዱባት አንጀቷ አረረ። «ያቺ ጆሮ ብቻ! እኔ እያለሁ እሷ?» እያለች እንቅልፍ አጣች። አህያ ያደረገችውን ሁሉ ታደርግ ጀመር። ጎተራዋን እንደ አህያ ጎተራ አሳደሰች። የኤሊን እህት በር ላይ ቀጠረች። «ማን ያውቃል፣ ገዷ ቃሉ ይሆናል» ብላም «ቤት ለእንቦሳ»ን የራሷ የይለፍ ቃል አደረገችው።

ደንበኛ ግን ዝር አላለም። አህያ ደግሞ በደጇ ባለፈች ቁጥር «ምቀኛ አታሳጣኝ!» እያለች ትስቅባታለች። ይሄ እሳት ላይ ቤንዚን ነው! «እኔ ያላማረብኝ እሷም አይማርባት!» አለችና ቀበሮ ወደ ጅብ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያን አዲስ ቤት ሳትመርቅላት?»

«አልጠራችኝማ!» አለ ጅብ አኩርፎ።

«ጨዋ መቼ ጥሪ ይጠብቃል? በሩ ላይ ቆመህ ‹ቤት ለእንቦሳ› ማለት ብቻ ነው። ደግሞ ውስጡ ያለው የቆዳ አቁማዳ ብዛት!»

ቆዳ ሲባል የጅብ ለሃጭ ተዝረበረበ።

አህያ ገበያ በወጣችበት ሄዶ «ቤት ለእንቦሳ!» አለ። «እንቦሳ እሰሩ! ይግቡ» አለችው ኤሊ። ጅብ እህል ምን ያደርግለታል? አቁማዳውን እየቦጨቀ ዋጠው። ጤፉ ከገብሱ፣ ገብሱ ከሽምብራው ተደባልቆ መሬት ላይ ፈሰሰ። በሩን ከፍቶት ስለሄደ ዝናብ ገባበትና ጭቃ ሆነ።

«የልጆቼን ክረምት አስበላሽው!» አለች ፍየል እያለቀሰች። «አደራ ጠባቂዋ አንቺ አይደለሽም?»

«ቃሉን ማን መረጠው? ‹አታወሳስቢብን› ያልሺው አንቺ!» አለች አህያ።

ቀበሮ «አይዞሽ እህቴ» ልትል መጥታ በሆዷ «እሰይ!» አለች። ዓይኗ እስኪጠግብ አየች። ተደስታ ቤቷ ስትመለስ ግን የራሷ ጎተራ በር ወለል ብሏል። ውስጥ ጅብ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን የመጨረሻ ቋንጣ ያላምጣል።

«ኡኡ! ማን አስገባህ አንተ?»

«ጨዋነቴ ነዋ!» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ። «አንቺው አይደለሽ ያስተማርሺኝ? ቤትሽን እንዲህ አሳድሰሽው ሳልመርቅልሽ ብቀር ቅር አይልሽም?»

ማንን ትክሰስ? ክረምቱ ገባ። ጃርት ከቤቱ እህል ለፍየል ልጆች ሰፈረላቸው፤ ለአህያም አፍራ አንገቷን እንደደፋች ትንሽ ሰጣት። ቀበሮ በባዶ ጎተራዋ ደጅ ተቀምጣ ይህን አየች። ሄዳ «ለእኔም» እንዳትል ያደረገችው ነገር አፏን ያዘው። ልጆቿ በረሃብ ሲያለቅሱ እሷ አሁንም ማዶ ማዶውን እያየች፣ «እሷማ ምን አለባት፣ የሚሰፍርላት አላት!» ብላ እንደገና ቀናች።

ከዚህ የምንማረው አገር ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ቁልፍ ያደረገ በሩን ክፍት እንደተወ፣ በጎረቤቱ በር ሲቀና የዋለም የራሱን መዝጋት እንደሚረሳ ነው።