የንቦችን ስደት ያጠናው ጉባኤ

ኑ ተጠጉ፣ ተረት ላውጋችሁ። ማር ሰርቆ የሚያውቅ ግን ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ዛሬ አፌ አይምርም።

ድሮ ድሮ፣ ከግንድ የተፈለፈለ አንድ ቀፎ ዋንዛ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጌታው አያ ዝንጀሮ፣ ሠራተኛዋ እመት ንቢት ነበሩ። አበባ ሲደርቅ ንቢት ልጆቿን የምታበላው ያንኑ የሠራችውን ማር ነው። አያ ዝንጀሮ ግን ዓመት በዓመት እጁን እያስረዘመ ቀፎውን አራቆተው። ንቦቹም ሲርባቸው ወደ ማዶው ገደል መኮብለል ጀመሩ።

በመጨረሻ ሦስት የማር እንጀራ ብቻ ቀረ።

"አያ ዝንጀሮ፣ እነዚህን እንኳ ተውልኝ። ልጆቼ ገና ክንፍ አላወጡም። እስከ በልግ አበባ ካላቆየኋቸው ያልቁብኛል" አለች ንቢት።

"አይዞሽ! ንቦች ለምን እንደሚሰደዱ የሚያጠና ጉባኤ ጠርቻለሁ" አላት ደረቱን ነፍቶ።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ጉሮሮ ሳይርስ ምክር አይወጣም ተብሎ ሦስቱም የማር እንጀራ ቀረበ። ንቢት ቅርንጫፍ ላይ ሆና ታያለች።

አያ ጅቦ የመጀመሪያውን ገመጠና፣ "የሚሰደዱት አገራቸውን ስለማይወዱ ነው" አለ።

"እውነት ነው!" ተባለ።

"ኧረ ርቧቸው ነው" አለች ንቢት።

"ዝም በይ፣ ጉባኤ ላይ ነን!"

እመት ጦጢት ሁለተኛውን መጠጠችና፣ "የሚሰደዱት የማዶ ወሬ እየሰሙ ነው" አለች።

"እውነት ነው!"

"ርቧቸው ነው እኮ!"

"ዝም በይ አልንሽ!"

ሊቁ ቀበሮ ሦስተኛውን ጨርሶ ጢሙን ላሰ። ብዙ አሰበ። ከዚያም፣ "የሚሰደዱት ክንፍ ስላላቸው ነው!" አለ። ጭብጨባው ዋንዛውን አናወጠው። ሊቅ ብሎ ዝም!

ንቢት ቀፎዋ ገብታ ክንፍ ያላወጡትን ልጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰች። መብረር የሚችሉትን አስከትላም በዚያው ቀን ወደ ማዶ ተሻገረች።

ጉባኤው ደግሞ የቀፎው አፍ በጭቃ ይመረግ ብሎ ወሰነ። ጭቃው እስኪቦካ ግን ሰነባበተ፤ ጉባኤተኛ ማር እንጂ ጭቃ አይነካማ! በስንት ጊዜው አያ ዝንጀሮ ጭቃውን ተሸክሞ ሲመጣ ቀፎው ተናገረ።

"አያ ዝንጀሮ፣ ክንፍ ያላቸው ሄደዋል። ክንፍ የሌላቸው በርሃብ አልቀዋል። ጭቃው ለማን ነው?"

"ዝም በል! አንተ ግንድ፣ ስለ ልማት ምን ታውቃለህ?" አለና ጥርቅም አድርጎ ደፈነው።

ይኸውላችሁ፣ አያ ዝንጀሮ እስከ ዛሬ ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ለአላፊ አግዳሚው ይፎክራል፦ "ከጉባኤያችን ወዲህ ከዚህ ቀፎ አንዲት ንብ አልተሰደደችም!"

ጓዳውን አራቁቶ በሩን የሚቆልፍ፣ የባዶ ቤት ዘበኛ ሆኖ ይቀራል።