ከገጹ ዳር የነበረችው መስመር

ስሟ ይቆየንና፣ ሦስት መስጊድ ኖሯት የሙስሊም መቃብሯ ግን አንድ ብቻ በሆነ በአንዲት የድሮ ከተማ፣ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ተፍሲር እያቀሩ ያስተምሩ ነበር። ቁርኣንን የሚያብራራውን ኪታብ ደረሶቻቸው፣ ተማሪዎቻቸው ማለት ነው፣ ከእሳቸው ላይ በእጅ እየገለበጡ ይወስዳሉ። በከተማው ያለው ተፍሲር ሁሉ ከእሳቸው የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ከመቃብሩ በር ጭቅጭቅ ተሰማ። ከየመን የመጣው፣ እጁን ደረቱ ላይ ሳያጥፍ ወደ ታች ዘርግቶ የሚሰግደው የዘይዲ መዝሀብ ሰው፣ ኮርቻ ሰፊው ሙጠሀር፣ የእናቱን ጀናዛ ይዞ ቆሟል። በሩን የዘጉት የመቃብሩ ኀላፊ ሐጂ ሙዘሚል ናቸው፤ የሸሁ የጥንት ደረሳ።

ሸህ እንድሪስ ሰምተው ሲደርሱ፣ «ጠልቼው አይደለም ሸህ፤ ኪታቡ ነው የከለከለኝ» አሉ ሐጂ። ከሸሁ የገለበጡትን ተፍሲር ገልጠውም አነበቡ። ሃይማኖታቸውን ለያይተው ጭፍራ ጭፍራ ስለሆኑ ሰዎች ከሚናገረው አንቀጽ ሥር፣ «ይኸውም እጃቸውን ዘርግተው የሚሰግዱት ናቸው» ይላል።

ሙጠሀር አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴን ፀሐይ እየመታት ነው። የት ልውሰዳት?» አለ።

ሸህ እንድሪስ ቃሉን ያውቁታል። ዝም ቢሉ ክብራቸው አይነካም፤ ሴትዮዋ ግን ከሙስሊም አፈር ትባረራለች። በልባቸው «ያ ረቢ፣ አታሳፍረኝ» ሊሉ ጀመሩና፣ መልሰው «ያ ረቢ፣ እውነቱን አናግረኝ» አሉ።

የራሳቸውን ኪታብ አስመጥተው ሰው ፊት ዘረጉት። ያ ቃል ከጽሑፉ መሀል የለም። ከገጹ ዳር ነው ያለው፣ በቀይ ቀለም።

«ይህ የኔ እጅ ነው። በሃያ ዓመቴ ከአንድ ሲራራ ነጋዴ ሰምቼ ጻፍኩት። የኪታቡ ደራሲ አላለውም። ሙዘሚል ሲገለብጥ ከዳር አንስቶ መሀል ከተተው። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ ያላረጋገጥኩትን ጽፌ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ አርባ ዓመት የሲራራ ወሬ ነዋ ያቀሩን» አለ። ሰው ሳቀ።

«ይህቺን እንኳ አዎ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ ሸሁ።

ሐጂ ሙዘሚል ጠጋ ብለው፣ «ሸህ፣ ነገ ሰው ሌላውንም ትምህርትዎን ይጠራጠራል» አሏቸው በሹክሹክታ።

«ይመርምረው። እውነት ከሆነ ምን ይጎድልበታል?»

ሐጂም ከዚያ በሩን ከፍተው ዶማውን ራሳቸው አነሱ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ሸሁ ሙጠሀርን ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ «እናትህ ናት፤ አንተ አሰግድ» አሉት። እሱ እጁን ዘርግቶ፣ ሕዝቡ እጁን አጥፎ ሰገዱ። በአራት ተክቢራ፣ በአራት «አላሁ አክበር»፣ የለመደው ሰልፍ ሙጠሀር አምስተኛውን ሲል ትንሽ ግራ ተጋባ እንጂ፣ ትቶ የሄደ አልነበረም።

በማግስቱ ሸሁ በየቤቱ ያለውን ተፍሲር አስመጥተው ያቺን መስመር አስፋቁ። ለደረሶቻቸውም እንዲህ አሉ፦ «አላህ ስም ሳይጠራ ያለፈበትን ቦታ፣ እኛ በጎረቤታችን ስም አንሙላው።»

ያ አንቀጽ ማንን እንደሚመለከት የሚያውቀው ያወረደው ጌታ ነው፣ ወንድሜ። ስናነበው መጀመሪያ «እኔ እሆን?» ብለን ብንፈራ ይሻለናል። ተፍሲር የጻፉት ዑለማዎች ደጋጎች ቢሆኑም ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሌላው መዝሀብ ከጻፉት መሀል መርምረው ያገኙት አለ፣ በጠብ ቀን የሰሙትም አለ። «ይኸውም እነ እገሌ ናቸው» የሚል ቦታ ስንደርስ፣ ማን አለው ብለን እንጠይቅ። ሸሁ ያስፋቁት አንዲት መስመር ነው። እኛም በየቤታችን ያለችውን ብንፈልግ አናጣም፣ ትፋቃለችም፣ ኢንሻአላህ።