ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡት

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምላሷ የተሳለ ጸሐፊ ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር ሰጧት፤ ኮምፒውተሩ ግን ማንም ያልጠየቀውን ጨዋታና ዘፈን ማጫወቻ ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ጠዋት ሥራ ልትጀምር ስትል፣ እነዚህ ፕሮግራሞች «ቆዪ፣ እየታደስን ነው» እያሉ እስከ ረፋድ ያስቀምጧታል። ሲበዛባት የሚያስፈልጋትን አስቀርታ ሌላውን አጠፋችውና እፎይ አለች።

ነገሩ ከኃላፊው ከአቶ ድንበሩ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው በዚያው ሰሞን የተሞሸሩ፣ ቁጣ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ሠራተኛውን ሰብስበው ፊታቸው አቆሟት።

«አንቺ! እነዚህ ነገሮች ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የመጡ ናቸው አይደሉም?»

«አብረው የመጡ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ አብሮ የመጣን የምታባርሪ አንቺ ማነሽ? መልስ ከሌለሽ ዛሬውኑ ከሥራ ተሰናብተሻል!»

ጸሐፊዋ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ጌታዬ፣ ሚዜዎችዎስ ከእርስዎ ጋር አብረው የመጡ አይደሉም እንዴ? ታዲያ ባለቤትዎ እስከ ዛሬ እያበላች ታሳድራቸዋለች?» አለቻቸው።

ከሁሉ ቀድሞ ሳቅ ያመለጣቸው ራሳቸው አቶ ድንበሩ ነበሩ። እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።