ኢንጂነሩና ሁለቱ የተቀቀሉ እንቁላሎች

አንድ ቀን፣ ያውም ሁዳዴ በተፈታበት ሳምንት፣ አገር ምድሩ እንቁላል እንቁላል በሚልበት ሰሞን፣ ቢሾፍቱ ባለው የጋሽ ገመቹ ዶሮ እርባታ ጉድ ፈላ። ሆቴል ለኦምሌት ብሎ ያዘዘው እንቁላል ሲሰበር ምንቃር አወጣ! አዎ፣ ምንቃር! የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ጩኸቷ ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ ነው የሚሉት።

ነገሩ ወዲህ ነው። እርባታው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የሚበላ እንቁላል ማስቀመጫ፣ አንዱ ጫጩት መፈልፈያ። ጋሽ ገመቹ ዘመኑ እንዳያመልጣቸው ኤአይ የሚሉትን፣ እንደ ሰው ያስባል የተባለለትን ማሽን አስገቡ። ደንበኛ ሲያዝ ማሽኑ ያነብና «ከዚህኛው ክፍል ይውጣ» ብሎ ያዛል። የትኛው ክፍል የምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሰው ከጻፈለት ማብራሪያ ብቻ ነው። ዓይን የለው፣ እጅ የለው፣ ከየት ያምጣ?

ማብራሪያውን የጻፈው ኢንጂነር አቤኔዘር ነው። ኧረ ምኑን ጻፈው! አማርኛውን ኮትና ከረባት አለበሰው እንጂ። ለሚበላው፣ «የላቀና የተቀናጀ የእንቁላል አቅርቦት መፍትሔ ይሰጣል» አለ። ለሚፈለፈለውስ? «የተቀናጀና የላቀ የእንቁላል አቅርቦት መፍትሔ ይሰጣል!» ያንኑ ገለባ ወዲያ ወዲህ ማገላበጥ! ይባስ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ትልቅ ወረቀት አሳትሞ፣ ፈርሞበት፣ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ማሽኑም ሁለቱን ቢያነብ ቢያነብ ልዩነት አጣ፤ በግምት አንዱን ጠራ። የጠራው መፈልፈያውን!

መፈልፈያው ላይ ደግሞ ወይዘሮ ዘርፌ አለች፤ ሃያ ዓመት የሠራች። እናቷ ቤት እንደለመደችው፣ የታቀፈው ከአዲሱ እንዳይደባለቅ በከሰል ጫር ታደርግበት ነበር። የትኛዋ ሴት ናት ይህን የማታውቅ? አቤኔዘር ግን «ኋላ ቀርነት!» ብሎ አንድ በአንድ አስጠርጓታል። የዚያን ቀን ትእዛዙ ሲመጣ፣

«ኧረ ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ አሥራ አምስት ቀን የሞቀ ነው!» ብትለው፣

«አንቺ ከማሽኑ ልትበልጪ ነው? ዝም ብለሽ ጫኚ!» አላት። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት! ምን ታድርግ፣ ጫነች።

በነጋታው ሁለቱም ወደ ጋሽ ገመቹ ቢሮ ተጠሩ። አቤኔዘር እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ዘርፌ ቆማለች።

«የኔ ጽሑፍ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው!» ይላል። «ማሽኑ ደንቆሮ! ጫኟ ደንቆሮ! ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ቴክኖሎጂ አጠገብ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ገመቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ዘርፌ፣ ሆቴሉ በጣም ተቀይሞኛል። ያጠፋውን ሰው ሳላሰናብት ፊታቸው አልቆምም። የጫንሽው አንቺ ነሽ አሉ። ምን ትያለሽ?»

ዘርፌ ከዚህ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ያኖሯት እነዚያው ዶሮዎች ናቸው። ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ አጣፋች።

«እሺ ጋሼ፣ ልሂድ። ብቻ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝና ኢንጂነርን ምሳ ልጋብዛቸው።»

ወጣች። ስትመለስ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በሰሃን፣ ጨውና ሚጥሚጣ በዳር። ያንን ባለፊርማ ወረቀት ከግድግዳው ገንጥላ ለሁለት ቀድዳ፣ ከየእንቁላሉ ሥር የየራሱን ማብራሪያ አንጥፋለታለች።

«ይኸው ኢንጂነር» አለች፣ ከወገቧ እጥፍ ብላ። «አንደኛው ትናንት የተጣለ ነው። አንደኛው ሆቴል ከሄደው ጋር አብሮ የሞቀ ወንድሙ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ያንብቡና ይብሉ።»

አቤኔዘር ሳቀ። ከዚያ አነበበ። «የላቀና የተቀናጀ...» ወደ ግራ ዞረ። «የተቀናጀና የላቀ...» ወደ ቀኝ ተመለሰ። እንደገና ወደ ግራ። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ። እጁ አንዱ ላይ ይደርስና እሳት እንደነካው ይመለሳል።

«ብላ እንጂ!» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ዓለም አቀፍ ነው አላልክም?»

«እ... ቆይ፣ መጀመሪያ ቅርፊቱን ትንሽ ልስበርና ላሽተው» አለ።

ዘርፌ ሰሃኑን ሳብ አደረገችበት።

«አፍንጫ ያለዎት እርስዎ የገዛ ጽሑፍዎን ካላመኑት፣ አፍንጫ የሌለው ማሽን ምን ያርግ?»

ጋሽ ገመቹ በሳቅ እንባቸው እስኪፈስ ተንፈራፈሩ። «አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ እመቤት!» አሉና ሰሃኑን መልሰው ወደ ኢንጂነሩ ገፉት፤ «አንተ ግን አንዱን ሳትበላ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ አትልም።»